ጉዳዩ፦ ስለማላውቀው ሰው

ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣
ይማም ሙሄ ይጽፋል፣ ያለ ካባ ያለ ማዕረግ።
ጦሳ ጉሙን ሲያወርድ ወረቀቱ ይረጥባል፣
በክርኑ ያብሰውና «ለክቡር» ብሎ ይከትባል።
የድንበር ክርክር፣ ሠላሳ ብር፤
የቀለብ አቤቱታ፣ ሴቲቱ ካለቀሰች፣ ሒሳቡ ይቅር።
ሐሙስ ከሰዓት ግን ማንም አይከፍለው፣
ሐሙስ የሚጽፍለት ሰው ባሕር ማዶ ነው።

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነኝ፣ ከሱ ፊት ለፊት፣
ደብዳቤውን በዱቤ የማባዛለት።
ዕዳው አርባ ሁለት ብር፣ በደብተሬ ሰፍሯል፤
«ባቡረኛው ሲፈታ» ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷል።

ባቡረኛው ማነው? ስሙ ለምላስ የሚከብድ፣
አገሩን ካርታ ላይ ስንፈልግ ጣታችን የሚንገዳገድ።
የባልደረቦቹ ደሞዝ ሲቀር ስድስት ወር፣
ባቡሩን አቁሞ ወርዶ ተቀመጠ አሉ፣ ከሀዲዱ ዳር።
«ጸጥታ አደፍራሽ» ተባለ፣ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደ፤
ጥርሱ ረገፈ፣ እጁ ራደ።
እኛ በኮምቦልቻ ሀዲድ ዘርግተን ባቡር ስንጠብቅ፣
እሱ ባቡር ስላቆመ ታሰረ፤ ይህ አይደንቅ?

ሻይ ቤት ያሉት ሰዎች ይህን ሲሰሙ ሳቁ፣
«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያሉ ተሳለቁ።
«ያገር ዋይታ አነሰህ? ያ ሰው ምንህ ነው?» ቢሉት፣
ቀና ሳይል «ድስቱ ሁለት ነው ያለ ማነው?» አለ፤ አልመለሱለት።

(ያገሩንም ጽፎ ያውቃል። ምን እንደገጠመው አልጠይቀው፤
ግራ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ያየሁት አንድ ቀን ነው።)

«አመልካች በጉዳዩ ጥቅም የለኝም» ብሎ ይጽፋል፣
ትንሽ ያስባል፣ መልሶ ይሰርዛል።
መምህር አራጋው በእንግሊዝኛ ይገለብጠዋል፤
«ክቡር የሚለው ቃል እዚያ ሲደርስ ይበርዳል» ይላል።

ባለፈው ሐሙስ ከኩታበር እማማ ዙበይዳ መጡ፣
ስለ ገብስ ማሳቸው ድንበር፤ ደክሟቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።
ተራ ሲጠብቁ ይማም ሲያነበንብ ሰሙ፤
«ማነው?» አሉ። ሲነግራቸው የመሬቱን ነገር አቆሙ።
«እናቱ ማን ትባላለች?»
«እንጃ እማማ፣ አልተጻፈም።»
«ሰው ያለናቱ ስም ዱኣ ይደረግለታል? ወላሂ አይሆንም።»

ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፣ ማሽኔ ዝም አለ፤
የሳቸው ድምፅ ብቻ በጉሙ መሐል ቀጠለ፦
«እንግዲያ የኔን ጻፍበት። የዙበይዳ ልጅ በለው።
ሦስት ቀብሬያለሁ፤ የእናትነት ስሜ እንደሁ ትርፍ ነው።»
አውራ ጣታቸውን ከሐምራዊው ቀለም ነክረው፣
ከግርጌ አሳረፉት፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

አየሁት። ያ ጣት መሬት ሲምስ ኖሮ መስመሩ ጠፍቷል፤
ወረቀቱ ላይ የቀረው ድንበር የሌለው ማሳ ይመስላል።

ቀጥሎ አንድ ቄስ ፈረሙ፣ መቋሚያቸውን አጥሩ ላይ ትተው፤
የችሎቱ ፖሊስ ግን ሁለቴ አንብቦ ሄደ፤ እስክሪብቶዬም ከሱ ጋር ነው።

ፖስታው ተላከ። መልስ እስከ ዛሬ የለም።
የበፊቶቹ ሦስቱ ተመልሰዋል፣ «አድራሻው አይታወቅም»።
የእማማ ዙበይዳ ነገር ለጥር ተቀጥሯል፤
ጎረቤታቸው የድንበሩን ድንጋይ አንድ ክንድ ገፍቶታል።
ይማም ሐሙስ ሐሙስ «ለክቡር» ማለቱን አልተወም፤
እኔም ዕዳውን አልሰርዝም። መከፈል እፈልጋለሁ፣ አልምርም።

ዛሬ ዝናብ ነው። እማማ በእግር መጥተዋል፣
ጭቃቸውን አራግፈው ጃንጥላው ሥር ገብተዋል።
ስለ ማሳው ሊጠይቁ ነው ብዬ ፋይላቸውን ሳወጣ፣
በጣታቸው ገፉት፦
«እሱ ይቆይ። የባቡሩ ልጄስ? ደብዳቤ መጣ?»